ጥርሱም የኔ ነው

ባለፈው ሰሞን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ስልክ ደወለችልኝ። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ የሚደውሉልኝ የድሮ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወይ «ለመጽሐፌ መግቢያ ይጻፉልኝ» ወይ «ለልጄ ስም ያውጡልኝ» የሚሉ ናቸው። የዚች ግን ለየት ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ እንስሳ ካላመጣችሁልኝ ብላ አስቸገረችን። እርስዎ የገጠር ሰው ነዎት፣ ውሻም ድመትም ያውቃሉ። እስቲ የማያስቸግር እንስሳ ይምረጡልኝ።»

«የማያስቸግር ስትዪ?»

«ያው… ብዙ የማይበላ፣ የማይጮኽ፣ የማይሸት፣ እኛ ሥራ ስንውል ብቻውን መዋል የሚችል። በቃ፣ ጣጣ የሌለው።»

«እሱማ ሶፋ ነው» አልኳት።

ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ቃል ሲበልት የኖረ ሰው አመሉ አይለቀውም፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ። «ጣጣ የሌለው» የምትለዋን ሐረግ ይዤ ቁጭ አልኩ።

እስቲ ልብ በሉ። «ጣጣ የሌለው ድግስ ነበር» ብለን ስንመሰክር ጓዳ ውስጥ ሦስት ሌሊት ያልተኙ ሴቶች አሉ። «ጣጣ የሌለው ሕፃን ነው» ስንል ሌሊት የሚያባብለው ሌላ ሰው ነው ማለታችን ነው። ጣጣ ከዓለም አይጠፋም፤ ከእኛ ትከሻ ወርዶ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል እንጂ። እኛም ስላላየነው የለም እንላለን። የቤት እንስሳ ነገርም ከዚህ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም።

ለማንኛውም ልጅቱ ጠይቃለችና አንድ በአንድ እንያቸው።

ድመት። ከሁሉ የተሻለች ትመስላለች። ራሷን ታጸዳለች፣ እዳሪዋን ትቀብራለች፣ አይጥ ትይዛለች። ደግ ነው። ግን በወጉ ከተያዘች አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ዓመት ትኖራለች። ለስድስት ዓመት ልጅ ዛሬ የመጣች ግልገል፣ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም በረንዳው ላይ ናት ማለት ነው። ካላስመከናችኋት ደግሞ ሁለት ወር ገደማ አርግዛ አራት አምስት ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ። እነዚያን ግልገሎች በጆንያ ከቶ ወንዝ ዳር የሚጥላቸው ማነው? ዘበኛው። እኛማ ጨካኝ አይደለንም!

ኤሊ። አይጮኽም፣ አይሸትም፣ ትንሽ ቅጠል ይበቃዋል። ሆኖም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ኤሊ የሚያስገባ ሰው አብሮ ኑዛዜ ቢጽፍ ይሻለዋል። ደግሞም ከቁጥቋጦ ተይዞ የመጣ ከሆነ የዱር እንስሳ ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዙም በሕግ ያስጠይቃል።

ዓሣ። ሰው ሁሉ «ዓሣ ምን ጣጣ አለው» ይላል። ዓሣ የሚሞተው የገዛ እዳሪው ውሃውን ሲመርዝበት ነው። ውሃው በየጊዜው እየተቀነሰ መቀየር አለበት፤ አየር የሚነፋው ፓምፕ መሥራት አለበት። መብራት ሲሄድ ፓምፑም ይሄዳል። እንደኛ አገር መብራት ከሆነ ደግሞ… ይቅር።

ጥንቸል። አንድ ወር ብቻ ታረግዛለች፤ ወልዳ ወዲያው ደግማ ማርገዝ ትችላለች። በሁለት የጀመረ ሰው በዓመቱ ቁጥር ይጠፋበታል። ብዙዎቻችን ዘንድ ሥጋዋ ስለማይበላ እንደ ዶሮ ለበዓል እንኳ አትሆንም።

ውሻ። አሥር፣ አሥራ ሦስት ዓመት ይኖራል። በየዓመቱ ክትባት ይፈልጋል። ከምግብ ይልቅ ሰው ይፈልጋል። ቀንና ሌሊት ከታሰረ ይከፋል። ከተማ ውስጥ «ክፉ ይሁን» ብለን ሆን ብለን የምናስረው ለዚህ አይደል? ቀጥሎም «ይኼ ውሻ ምን ሆኖ ነው ሰው የሚነክሰው?» ብለን እንገረማለን።

ትንሽ ውሻስ? ትንሽ ውሻ ጣጣው ትንሽ ነው የሚል ካለ ሉሉን ያስታውስ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ክንድ ላይ የምትታቀፍ ቺዋዋ ነበረች። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በሚተርክ መጽሐፉ ውስጥ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና እየተከተለ በጨርቅ የመጥረግ ሥራ የነበረው አንድ የቤተ መንግሥት አገልጋይ አስገብቷል። ታሪኩ እውነት ነው ፈጠራ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መጽሐፉን ሐሰት የበዛበት የሚሉት ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው የማየው ሌላ ነገር ነው። እንዲያ ያለ ሰውዬ እውነትም ባይኖር በየቤታችን አለ። ውሻው የአቶ እገሌ ነው፤ ጨርቁን የያዘው ግን ስሙ አይነሳም። አንዳንዴ የቤት ሠራተኛችን ናት፣ አንዳንዴ ዘበኛው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከአጥር ውጭ የሚያልፍ ምስኪን።

እኔ ይኼን ነገር መጀመሪያ የተማርኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። ጋይንት ነው።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ከጉና ጀምረው ወደ ገደልና ወንዝ የሚወርዱ አገሮች ናቸው። እዚያ ሰው ለመዝናኛ ብሎ እንስሳ ሲያሳድግ አላየሁም። ድመት ለአይጥ ነው፤ ውሻ ለጅብና ለሌባ። ውሻው ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ድርሻው የታወቀ ነው፤ የእራት ትርፍ፣ የበዓል አጥንት። ክፉ ዘመን ሲመጣ ከጌታው ጋር አብሮ ይከሳል። የሚያሞካሸው የለም፤ ግን የማን እንደሆነ የማያውቅ ጎረቤትም የለም። ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር አንድ ውሻ ጥፋት ካጠፋ ሽማግሌ ፊት የሚቆመው ባለቤቱ ነው።

ያ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። ስለዚህም የቆሎ ተማሪ የሚርመሰመስበት አገር ነው። የቆሎ ተማሪና የውሻ ጠብ ደግሞ ተነግሮ አያልቅም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ሥራው ያንን ማባረር ነው። ሁለቱም ለእንጀራቸው ነው የሚጮኹት።

እኔም በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ አባቴ ቄስ ይሁንልኝ ብሎ ታች ጋይንት አንድ የኔታ ዘንድ አስገብቶኝ ነበር። ድጓው ዘንድ ሳልደርስ ዘመናዊ ትምህርት ወሰደኝ እንጂ፣ ልመናውንስ ተምሬዋለሁ። አንድ ቀን ማለዳ ከመንደሩ ዳር ያለች የአንዲት ባልቴት ደጅ ደረስኩ። ውሻዋ «ማን አለብኝ» ይባላል። ስሙ ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት የወጣ መልእክት ነበር ይባል ነበር። ሌሊቱን ተፈትቶ አድሮ ገና አልታሰረም። ዱላዬን ሳላነሳ ባቴን ያዘኝ።

ባልቴቲቱ ከቤት ወጥታ ውሻውን በአንገቱ ይዛ አሰረችው። ከዚያ እኔን አስቀመጠችኝ። እንዶድ ወቅጣ በውሃ አረፋ አድርጋ ቁስሉን ታሽ ጀመር። ምን ልበላችሁ፣ ከንክሻው ይልቅ እጥበቱ ነው ያስለቀሰኝ! ደሙ እስኪጠራ አጠበችው። በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችው። የገብስ ቂጣ ቆርሳ እጄ ላይ አደረገችና እንዲህ አለችኝ፤

«አይዞህ ልጄ። ውሻው የኔ ነው፤ ጥርሱም የኔ ነው። እስኪሽርልህ ድረስ በየቀኑ በዚህ በኩል እለፍ።»

«እሜቴ፣ ውሻው ካበደስ?» አልኳት እያለቀስኩ።

«ካበደማ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ድረስ በቃሬዛ አስይዤ እወስድሃለሁ። እስኪያብድ ግን አታልቅስ።»

በማግሥቱ ሄድኩ። ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ወደ ውሻው እያመለከተች «ይኸውልህ፣ በልቷል፣ ጠጥቷል» አለችኝ። በሦስተኛውም ቀን «በልቷል፣ ጠጥቷል።» በሳምንቱም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አለፈ። ቂጣዬን እየበላሁ የነከሰኝ ውሻ ሲበላ አየሁ። ፍርሃቴ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ወጣልኝ።

ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ይጠበቃል፤ አሥሩን ቀን በጤና ከከረመ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብ ይላል። ባልቴቲቱ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ሁለቱንም አድርጋዋለች። ከሁለቱ የሚበልጠውን ሦስተኛውን ጨመረችበት፤ ውሻው ደህና መሆኑን ለተነከሰው ልጅ በየቀኑ ነገረችው።

ይኼን ስል የገጠሩን ሁሉ ጻድቅ፣ የከተማውን ሁሉ ኃጥእ እያደረግሁ እንዳይመስላችሁ። ያው መንደር ሴት ቡችላ አይፈለግም ብሎ ገደል ይጥላል። የሚከተብ ውሻ እኔ ልጅ ሳለሁ ሲባልም አልሰማሁ። በሽታ ከደጅ አልፎ የት እንደሚደርስም አናስብም ነበር። እዚያው በላያችን፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር። ዛሬ ቀይ ቀበሮ በሕይወት ከቀረባቸው የአገራችን ተራሮች ዝርዝር ውስጥ ጉና የለም። ጉናን እርሻው ነው ግጦሹ ወይስ ውሻው የጨረሰው የሚለውን ለአጥኚዎቹ ልተወው። ባሌ ላይ ግን የሆነው ይታወቃል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ገደማ ጨርሷቸዋል። አንድ ያልተከተበ የመንደር ውሻ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚረዝም አያችሁ?

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። እስካሁን የተናገርኩት ሌላውን ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ እኔም ቤት ውሻ ነበር። ቡቺ። ልጆቼ ቡችላ ሳለ አለቀሱበት፣ አቀፉት፣ ፎቶ ተነሱበት፤ ሲያድግ ረሱት። እኔ «ጣጣ የለውም» እያልኩ ለእንግዳ አወራ ነበር። እውነትም ለእኔ አልነበረውም። የምታበላው የቤት ሠራተኛችን ነበረች፤ የሚያጸዳለት ዘበኛው። አስረነው እንውላለን፣ አስረነው እናድራለን። የክትባት ካርዱ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ግን ካርዱ የት እንዳለም አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ቡቺ በተከፈተው በር ወጥቶ አንድ ሎተሪ አዟሪ ልጅ ነከሰ። ባቱን። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ልጁ አሥራ ሦስት ቢሆነው ነው። ሎተሪዎቹ መሬት ላይ ተበትነው እየለቀመ ነው። ቀና ብሎ አየኝና የጠየቀኝ ነገር ይኸው ነው፤

«ጋሼ፣ ውሻው ጤነኛ ነው?»

«አዎ፣ አዎ፣ ጤነኛ ነው። አትፍራ» አልኩት።

ሁለት መቶ ብር ሰጠሁት። «ሐኪም ቤት ሂድ» አልኩት። ደሙን አላጠብኩለትም፤ ቧንቧው እዚያው በሩ ጋ ነበር። አብሬው አልሄድኩም፤ እንግዳ ነበረብኝ። ሲነሳ ግን አነጋገሩ ስቦኝ «የየት አገር ልጅ ነህ?» አልኩት።

«ስማዳ ነኝ። ወገዳ አካባቢ።»

«አገሬ ነሃ!» ብዬ በደስታ ሃምሳ ብር ጨመርኩለት።

እንዲህ ነው የሆነው። እያነከሰ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ማታ ነገሩ ሲያስጨንቀኝ ማንበብ ጀመርኩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የመጣ ነው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ቶሎ ከተከተቡ ግን ይከላከሉታል። ለብዙ ዓመታት አገራችን ውስጥ ይሰጥ የነበረው ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ ክትባት ነበር፤ በየቀኑ፣ ሆድ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ። ሎተሪ አዟሪ ልጅ ገበያውን ትቶ ሁለት ሳምንት መመላለስ ይችላል? በሁለት መቶ ሃምሳ ብርስ ቤት ኪራይ ይከፍላል ወይስ መርፌ ይወጋል? የማይጠየቅ ጥያቄ ነው።

ቡቺ አላበደም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሮ በእርጅና ሞተ። እንግዲህ ልጁ ከእኛ ውሻ በሽታ አልያዘውም ማለት ነው፤ ይኼን እኔ በአሥረኛው ቀን አውቄዋለሁ። እፎይ ብዬ ተኝቻለሁ። እሱ ግን አያውቅም። ምልክቱ ሳይታይ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዴም ዓመት። የገጠር ልጅ ስለሆነ ይኼን እኔ ሳልነግረው ሰምቶታል። ውሃ ባስጠላው ቁጥር፣ ራስ ምታት በያዘው ቁጥር፣ ምን እያሰበ ከርሞ ይሆን? ለእኔ «በልቷል፣ ጠጥቷል» የሚለኝ ሰው ነበር። ለእሱ አልነበረውም።

ቤታችን ውስጥ ነገሩ እንዳይነሳ ሆነ። ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን አይደል የሚባለው? ያ ተረት እርቅ ለማውረድ የተነገረ ነው። እኛ ግን የተገለገልንበት ለመርሳት ነው። ከተማችንም እንዲሁ ትረሳለች። ሰፈር ሲፈርስ ሰው ዕቃውን በጭነት መኪና ጭኖ ይሄዳል፤ ውሻው ፍርስራሹን ሲጠብቅ ይቀራል። ባለ ዲቪው ተሸኝቶ ይሄዳል፤ ውሻው በር በሩን ሲያይ ይሰነብታል። ሆሜር በኦዲሴይ ውስጥ ጌታውን ሃያ ዓመት የጠበቀውን አርጎስን ያስተኛው እበት ክምር ላይ ነው። ጌታው ስለሌለ አገልጋዮቹ ችላ ብለውታል። ይኼን ሳስተምር ስለ ታማኝነት ብዙ አወራ ነበር። ስለ እበቱ ግን ተማሪዎቼን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ለተማሪዬ መልሼ ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እንስሳ ይቅርባት ነው የሚሉኝ?» አለችኝ ሁሉንም ከሰማች በኋላ።

«አላልኩም» አልኳት። «ይግባላት። ልጅ ከራሷ ሌላ ነፍስ መንከባከብ መማሯ ደግ ነው። ግን መጀመሪያ አንቺና ባልሽ ቁጭ በሉ። አሸዋውን የሚጠርገው ማነው? ክትባት የሚያስከትበው ማነው? ለበዓል ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ማን ጋ ይቀመጣል? ልጅሽ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላትና ስትሰለቸውስ? በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ስም ጻፉ። የቤት ሠራተኛሽን ስም እንዳትጽፊ፤ ካልጠየቅሻት፣ እሺ ካላለችና ካልከፈልሻት በቀር። የልጅሽንም ስም ብቻሽን አትጻፊ፤ ልጅ ቃሏን ብትረሳ ያላደገች ስለሆነች ነው፤ ቃሉ የናንተ ነው። በሁሉም ፊት ያንቺና የባልሽ ስም ከተጻፈ የፈለጋችሁትን አምጡ። ድመትም ቢሆን፣ ውሻም ቢሆን። ካልተጻፈ ዓሣም አይሆንላችሁም።»

ዝም አለች። ቆይታ «ከባድ ነው» አለችኝ።

«ከባድ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

እኔ ግን እስከ ዛሬ ሎተሪ አዟሪ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ባቱ ይወርዳል። ሞኝነት ነው፤ ያ ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። ምናልባት አገሩ ገብቶ ይሆናል፣ ምናልባትም እዚሁ ከተማ ውስጥ የራሱ ሱቅ ይኖረው ይሆናል። ይኼን ጽሑፍ ምናልባት ያገኘው እንደሆነ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ አለብኝ።

ወንድሜ፣ ያን ቀን «ጤነኛ ነው» ያልኩህ ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄ ልንገርህ። ውሻው ደህና ነበር። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም፣ በዓመቱም በልቷል፣ ጠጥቷል። ውሻው የኔ ነበር። ጥርሱም የኔ ነበር።